ግራ ጌታ ሲመሩ የምወጣበት ምክንያት

እንጉዳይ፣ የቤቴ ምሰሶ፤

ከተለየሽኝ አራት ክረምት አለፈ። በሕይወት ሳለሽ አንድም ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። ከአጠገቤ ርቀሽ አታውቂም ነበርና ለምን ብዬ እጽፍልሻለሁ? አንቺም ፊደል አልቆጠርሽም። ብራናዬን ዘርግቼ ሳነብ ከጎኔ ትቀመጪና «ይኼ ሁሉ ጉንዳን ምን ይላል፣ አንቱ?» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። አሁን ያለሽበት አገር ግን ያልተማረም ያነባል ብዬ ስለማምን ይኸው ጀመርሁ። ጉንዳኖቹን ታገሻቸው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። የሣር ክዳኑን አንሥተን ቆርቆሮ አለበስነው፤ ያስገደደችኝ ልጅሽ ዘነቡ ናት። ዝናብ ሲመጣ ከበሮ የሚመታ ይመስላል፤ እኔም በእንቅልፍ ልቤ «ማነው ያለ ሰዓቱ ማኅሌት የቆመው?» እላለሁ። ጌሾሽ አጥሩን አልፎ ወደ ጎረቤት አጎንብሷል። ቀይዋ ላም የወለደቻት ጥጃ ራሷ ትታለባለች። ከአለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ላይ የዘረጉት ትልቁ መጠለያም እንዳለ ነው፤ «ዝናቡ ታዲያ የት ይውደቅ?» እያልሽ ታዝኚለት የነበረው። ዘነቡ ዛሬም ፍላቂት ታስተምራለች። በየአሥራ አምስት ቀኑ በሚኒባስ መጥታ ቤቱን ገልብጣ ታጸዳና እኔን ተቆጥታ ትመለሳለች። ቁጣዋ ቁርጥ አንቺን ነው። ስልክም ገዝታልኛለች፤ በጮኸ ቁጥር እስካሁን እደነግጣለሁ።

ይህን ሁሉ የምዘባርቀው ዋናውን ነገር ለማዘግየት እንደ ሆነ ገብቶሻል። ታምሜ ነበር፣ እንጉዳይ። ምናልባት አሁንም ታምሜያለሁ፤ እርግጡን የሚያውቀው አንድ እሱ ነው።

የጀመረው ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ነው። ሽንቴ መጣሁ ይልና ስወጣለት አይመጣም፤ አለቀ ስል ደግሞ አያልቅም። ብርድ ነው አልሁ። ዕድሜ ልኩን በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ የቆመ ሰው ብርድ ቢመታው ምን ይገርማል? ብርድ ነው ብዬም ፀበል ጀመርሁ። በጣሳ ሳይሆን በማሰሮ ጠጣሁ። ፀበሉን በጠጣሁ ቁጥር መውጣቴ ባሰ፤ መውጣቴ በባሰ ቁጥር ፀበሉን ጨመርሁ። በይ ሳቂ፣ ግድ የለም።

መሳቁን ሳትጨርሺ ግን መዘዙን ስሚ። አንቺ የምታውቂውን ልጽፍልሽ ነው፣ ምናልባት ሌላ ሰው ቢያነበው እንዲገባው ብዬ። በማኅሌት እኔ ቀኝ ጌታ ነኝ፤ ሚዜያችን ገብረ ሕይወት ደግሞ ግራ ጌታ ናቸው። እሳቸው በግራ ካሉት መዘምራን ጋር ሲመሩ እኔ በቀኝ ካሉት ጋር እቀበላለሁ፤ እኔ ስመራ ደግሞ እሳቸው ይቀበሉኛል። የመራን ሰው ጥሎ መውጣት በእኛ ዘንድ ከስድብ ይከፋል፤ «ዜማህ አይጣፍጠኝም» እንደ ማለት ነው። እኔ በምመራበት ጊዜ መቼም መውጣት አልችልም። ጥርሴን ነክሼ፣ መቋሚያዬን ሙጭጭ አድርጌ እቆያለሁ። ልክ ተራው ወደ ግራ ሲያልፍና ግራ ጌታ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን እግሬ በራሱ ጊዜ ወደ በሩ ይሮጣል። እንዲህ እየሆነ ከትንሣኤ እስከ ፍልሰታ ዘለቀ። እሳቸው በመሩ ቁጥር እኔ እወጣለሁ።

ግራ ጌታ ቻሉ፣ ቻሉ፣ በመጨረሻ በሰንበቴው ጽዋ ላይ ጀርባቸውን ሰጡኝ። በሠርጋችን ቀን አንቺን በበቅሎ ደግፈው ያመጡሽ፣ ልጃችን ስትወለድ ከእኔ ቀድመው እልል ያሉት ሰው፣ እኔ ያለፍሁበትን መንገድ እየተዉ በአቀበቱ ይዞሩ ጀመር። ሰዉም ምክንያት አላጣልንም። አንዱ በድንበር ተጣሉ አለ፤ አንዱ በማዕረግ አለ። እኔ ደግሞ እውነቱን ከመናገር ድንበር ገፊ መባሉን መረጥሁ። ከወገብ በታች ያለ ሕመም በቀኝ ጌታ አፍ እንዴት ይወራል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ትይ ነበር። አንቺ ብትኖሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአፌ ትፈለቅቂው ነበር።

የፈለቀቀችው ዘነቡ ናት። የሌሊት ልብሴን ስታጥብ ደም አየችበት። በማግሥቱ ጋቢዬን አንሥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችና «ይነሡ አባዬ፣ ደሴ ልንሄድ ነው» አለች። እንደ ታዘዘ በግ ተከተልኋት።

ደሴ ያየኝ ሐኪም የልጅ ልጄ ቢሆን የማይገርመኝ ትሑት ወጣት ነው። ደሜን አስቀዳ። ቀጥሎ ጓንት አጠለቀና ይቅርታ ጠይቆ ግድግዳውን እንዳይ አዘዘኝ። የቀረውን ላንቺም ቢሆን አልጽፈውም። ይህን ያህል ዘመን ቆሜ ስዘምር እንደዚያች ደቂቃ የረዘመች ማኅሌት አላየሁም። ፕሮስቴት የሚባል፣ ወንድ ሁሉ ያለው፣ ከፊኛው በታች የተቀመጠ ዕጢ አለ አለኝ፤ ያንተው ጠጥሯል፣ ከላዩ ናሙና ተወስዶ አዲስ አበባ ይመርመር አለ። «ያንተው» ያልሁት እኔ ነኝ፤ ልጁስ አንቱ ነው ያለኝ።

ናሙናው ሄዶ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ነው ክፉው። በሽታ ቢሆን ታመምሁ ይባላል፤ ጤና ቢሆን ተመስገን ይባላል። ያ ግን ሁለቱንም አይደለም። እህል አፌ ውስጥ ይዞራል። ስጸልይ ከየት እንደ ጀመርሁ እረሳለሁ። ስልኩ ሲጮህ ማንሣት እፈራለሁ፤ ሳይጮህ ሲውል ደግሞ ለምን አልጮኸም እላለሁ።

አንቺም መምጣት የጀመርሽው በዚያ ሰሞን ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወርደው ጉም ደጃችን ድረስ ገብቷል። በሕልሜ የበራችን መድረክ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ሰፌድ ይዘሽ፣ ምስር ትለቅሚያለሽ። ጉሙ እስከ ጉልበትሽ ሸፍኖሻል፤ ከጉልበትሽ በታች ደጃፉም መሬቱም የለም። እጠራሻለሁ፣ ቀና አትዪም። ሰፌዱን አንዴ ወዘወዝ ታደርጊዋለሽ፣ ምስሩ ሽው ይላል፣ ድምፁ የጸናጽል ነው። ልጠጋሽ ስል ሽንቴ ይመጣና እነቃለሁ። ደግሞ እመለስና እተኛለሁ፤ አንቺም እዚያው ነሽ፣ ሰፌዱም እዚያው ነው፣ ምስሩም አላለቀም። ቀን ቀንም ቢሆን ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ከከደንሁ ጉሙ ይመጣል። ከሕልሙ የቱ ጋ እንደ ወጣሁ የማላውቅበት ቀን ብዙ ነበር።

መልሱ መጣ። ካንሰር ነው። ሐኪሙ ቃሉን ሲለው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዘነቡ እጄን ያዘች፤ እኔ ደግሞ ምን እንዳሰብሁ ልንገርሽ? የለበስሁት ካልሲ የተቀደደ መሆኑን ነበር ያሰብሁት። ከዚያ በኋላ የተናገረውን ግማሹን አልሰማሁም፤ ዘነቡ ናት በመንገድ ላይ የደገመችልኝ። ከዕጢው አልወጣም። ዝግ ብሎ የሚሄድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ለማሰብ ጊዜ አለ፣ ምርጫውም የእኔ ነው።

ምርጫው የእርስዎ ነው! እንጉዳይ፣ እኔ ምን መርጬ አውቃለሁ? በሬ ስንገዛ ጥርሱን ያየሽ አንቺ ነሽ። ዘነቡን ተማሪ ቤት የሰደድሽ አንቺ ነሽ። የቀበሌ ምርጫ ሲመጣ እንኳ አንቺን ጠይቄ ነበር የምሄደው። አሁን ሦስት መንገድ ከፊቴ ዘርግተው ሂድ አሉኝ። በየጊዜው ደም እየተመረመርሁ መጠበቅ ይቻላል፤ ምናልባት እሱ ሳይደርስብኝ ዕድሜዬ ይደርሳል። አለዚያ አዲስ አበባ ሄጄ ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ይቻላል፤ ያኔ ግን ሽንቴ ለወራት ሊንጠባጠብ ይችላል፣ በአንዳንዱ ሰው ጭራሹን አይቆምም። ጨረርም አለ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። መጠበቁን መረጥሁ ስል ውስጤ የተኛ እባብ ያቀፍሁ ይመስለኛል። ቀዶውን ስል ደግሞ ቢላዋው ይታየኛል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኔም ያገኘሁትን ሁሉ መጠየቅ ጀመርሁ፣ ለወዳጄ ነው እያልሁ። ኮን ከተማ ለተዝካር ሄጄ አንድ የከብት ነጋዴ «ኧረ ወንድሜ፣ ያን በሽታማ እንደ በሬ ቀጥቅጠው ነው የሚለቁት!» ብሎኝ ለሦስት ቀን ጠላ አልቀመስሁም። ሐኪሙ ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር አላነሣም ነበር፤ ግን ፍርሃት ማስረጃ ይጠይቃል እንዴ? የንስሐ አባታችንን ገብቼ ጠየቅሁ። «በሕመም ምክንያት ሐኪም የቆረጠውን ቤተ ክርስቲያን አታወጣውም፣ ልጄ፤ ሥርዓቱም ይህንኑ ይላል» አሉና ጉልበቴን ቸብ አደረጉኝ። ያን ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ አንድ የጥቅምት ከሰዓት በኋላ፣ ገብሱ ደርሶ፣ ጉሙ ሄዶ፣ ሰማዩ ታጥቦ ሳለ፣ ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ ሰፌድሽን ከግድግዳው አወረድሁ። ሲጨንቅሽ ምን ታደርጊ እንደ ነበር ትዝ አለኝ። ምስር ታወጪና እየለቀምሽ፣ ጠጠር ባገኘሽ ቁጥር አንድ ጭንቀት በስሙ ትጠሪና ትወረውሪያለሽ። «ይኼ የላሟ ነው። ይኼ የዘነቡ ትምህርት ነው። ይኼ የእርስዎ ግትርነት ነው፣ አንቱ፣ ይኼን አልጥለውም» ትይ ነበር። እኔ ደግሞ የሴት ነገር እያልሁ አልፍሽ ነበር። ይኸው ቀኝ ጌታው ሰፌድ ይዤ መድረኩ ላይ ቁጭ አልሁ፤ ልክ በሕልሜ አንቺ በነበርሽበት ቦታ።

ጠጠር አነሣሁ። «ይኼ ቢላዋው ነው» ብዬ ወረወርሁ። «ይኼ የከብት ነጋዴው ነው።» ወረወርሁት፣ ራቅ አድርጌ። «ይኼ የዘነቡ ብቻዋን መቅረት ነው» አልሁና እሱን ትንሽ ይዤው ቆየሁ። ቀጥሎ ያገኘሁትን «ይኼ ሞት ነው» አልሁት፤ እሱ ግን እንደ ፈራሁት አልከበደኝም፤ አንቺ ያለሽበት መንደር ነውና። መጨረሻ ላይ አንዲት ጥቁር ጠጠር ቀረች፣ እሷን መጣል አቃተኝ። ልደት ናት። የአዲስ አበባዎቹ ለቀዶው የኅዳር ተራ ሰጥተውኝ ነበር። ያን ካሳለፍሁ ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን አይታወቅም፤ ከሄድሁ ደግሞ ልደት ሲደርስ ገና እንጠባጠባለሁ። ሽንት የሚፈስሰው ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም። አገሩ ሁሉ ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ በሚመጣበት ቀን የቀኙ ወገን ያለ እኔ ሊቀበል ነው። ለካ ያን ሁሉ ወራት ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር። እዚያው በጠራራ ፀሐይ አለቀስሁ።

ቀና ስል ግራ ጌታ ቆመዋል።

ልደት ሳይደርስ በቀኝ በኩል ሌላ ሰው እንዲቆምላቸው አለቃውን ሊጠይቁ መሆኑን ሊነግሩኝ ኖሯል የመጡት፤ ከሌላ ከምትሰማው ከእኔው ስማ ሊሉኝ። ሰፌዱን አዩ፣ ምስሩን አዩ፣ እንባዬን አዩ። የመጡበት ጠፋቸው። «ቀኝ ጌታ፣ ምን ሆነሃል?» አሉ። ነገርኋቸው። ፀበሉን፣ ደሴን፣ ካንሰሩን፣ ጥርሴን ነክሼ መቆየቴን፣ ተራው ወደ እሳቸው ሲያልፍ ለምን እንደምሮጥ። ስጨርስ ከአጠገቤ መድረኩ ላይ ተቀመጡና የሰፌዱን ጫፍ ወደ ጉልበታቸው ሳብ አድርገው ምስር መልቀም ጀመሩ።

«እኔኮ ድምፄ የሻከረ መስሎኝ ነበር» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «እሱ እንኳ ሊሰማኝ ካልቻለ አብቅቶልኛል ብዬ። ስንት ማሰሮ ማር ላስሁ መሰለህ! ሌት ተቀን ማር! ሆዴ እስኪገለበጥ!»

ተያየን። ከዚያ የሳቅነውን ሳቅ አንቺ ካለሽበት ሰምተሽው ይሆናል። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ሁለት ሽማግሌ፣ አንዱ ፀበል አንዱ ማር እየጠጣ፣ ያንኑ አንድ ፍርሃት ሲደብቅ ከርሟል። ምስሩን ጨርሰን፣ ሊሄዱ ሲነሡ ያቺን ጥቁር ጠጠር ከእጄ ላይ ወስደው ኪሳቸው ከተቱና «ሂድና ታከም። ይቺን እኔ አቆይልሃለሁ» አሉ። እሳቸው አጥሩን ሳያልፉ ለዘነቡ ደወልሁ። ኅዳር ላይ እሄዳለሁ አልኋት። ስልኩ ውስጥ ዝም አለች፤ ስታለቅስ ድምፅ እንደማታሰማ ታውቂያለሽ።

በማደንዘዣው ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ አየሁሽ። ጉሙ ያው ነው፣ ግን ነጭና ሞቃት። ሰፌዱ ባዶ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ቀና ያላልሽው፣ ያን ቀን ቀና ብለሽ አየሽኝ። ማኅሌት ሲረፍድብኝ እንደምታደርጊው አገጭሽን ወደ በሩ ቀሰርሽ፣ ሂዱ እንጂ ማለትሽ ነው። ስነቃ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ጎኔ ላይ ቱቦ ተንጠልጥሎ፣ ዘነቡ ግንባሬን ትጠርጋለች። ከዚያ ወዲህ በሕልሜ አልመጣሽም። በመጀመሪያ ከፋኝ፤ አሁን ገብቶኛል።

ሐኪሞቹ ዕጢው በሙሉ ወጥቷል አሉ። ድነሃል ግን አላሉኝም፤ በየጥቂት ወሩ ደም እየሰጠህ እናያለን ነው ያሉት። ምርመራው ሲቃረብ ጭንቀቱ ተመልሶ ይመጣል፣ አልዋሽሽም። ያኔ ሰፌዱን አወርዳለሁ። ዘነቡ «አባዬ፣ ዘንድሮ ከምስር ወጥ ሌላ ልንበላ አይደለም?» ትላለች።

ልደት ደረሰ። ሰዉ ከዋዜማው ጀምሮ ከየገደሉ ሥር እንደ ነጭ ጅረት ፈሰሰ። እኔ ዋዜማውን ቤቴ አደርሁ። ጠዋት ዘነቡ ጨርቁን ደራርባ አስታጠቀችኝ፣ ጋቢዬን ደረብሁ፣ ከልማዴ የተነሣ መቋሚያዬን ያዝሁ፣ ወደ ቤተ ማርያም ሄድን። ቤተ ማርያም በአለቱ ጉድጓድ ውስጥ ናት፤ ከላይ ማሜ ጋራ በሚባለው አፋፍ ላይ ካህናቱ አጊጠው በመላእክት አምሳል ይቆማሉ፤ ከታች በግቢው መዘምራኑ በእረኞቹ አምሳል ሆነው ይመልሱላቸዋል። የእኔ ቦታ ከታች ነበር። ያን ቀን ግን መውረድ አልቻልሁምና አፋፉ ጫፍ ላይ ከምእመናኑ መካከል፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከላይኞቹም አይደለሁ፣ ከታችኞቹም አይደለሁ። ፀሐይ ገና እየፈነጠቀች ነበር፤ ነጠላው፣ ጥላው፣ የሰዉ ትንፋሽ ሁሉ ተቀላቅሎ እንደገና ሕልሙ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

ከታች ግራ ጌታ መሩ። ድምፃቸው አልሻከረም፣ እንጉዳይ። የሠርጋችን ዕለት የነበረው ድምፅ ነው። ጨረሱ። የቀኙ ወገን ሊቀበል ትንፋሹን ሲስብ መቋሚያቸውን ወደ ላይ አነሡና አስቆሙት። አንዳንዱ ተሳሳቱ ብሎ መሰለኝ አንገቱን ነቀነቀ። እሳቸው ግን ቀና ብለው ዓይናቸውን በአፋፉ ላይ አንከራተቱ፤ አገኙኝ፤ መቋሚያቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ተቀበል ማለታቸው ነው።

እንደ ልማዴ ያኔ ነበር የምወጣው። ሽንቴም አላሳፈረኝም፣ በሰዓቱ መጣ። መጣ ብቻ አይደለም፣ ፈሰሰ፤ በጨርቁ አልፎ እስከ ጉልበቴ ሞቀኝ። ዘነቡ ክንዴን ይዛ አስነሣችኝ። ተቀበልሁ። መጀመሪያ ድምፄ እንደ ተፈለጠ ሸንበቆ ነበር፤ ቀጥሎ ከየት እንደ ሆነ አላውቅም መጣ፤ ወደ ታች ወረደ፣ ቀኞቹም ከሥር አነሡት። ግራ ጌታ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየሁ። ከዚያ ጸናጽሉ ሁሉ በአንድ ላይ ሽው አለ፤ ያ ድምፅ የማን ሰፌድ እንደ ሆነ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

በማግሥቱ ግራ ጌታ መጥተው ጥቁሯን ጠጠር መድረካችን ላይ አስቀመጡልኝ። እዚያው ትኖራለች። ዘነቡ በመጥረጊያ ልትጠርጋት ስትል ተቆጥቻታለሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ የእኔ ተራ ይሁን።

ሰፌድሽን ለማንም አልሰጥም። የሚቀጥለው ደም የካቲት ላይ ነው፤ ምን እንደሚል አላውቅም። ምንም ቢል፣ ምስር በለቀምሁ ቁጥር ስምሽን እጠራለሁ፤ ጸናጽል በያዝሁ ቁጥርም አስብሻለሁ፣ መያዝ እስካቅተኝ ድረስ። ሲያቅተኝ ደግሞ ዘነቡን አስተምሬያታለሁ።

በሩን አሳይተሽኝ ነበርና እንድታውቂው ያህል ነው፤ ግራ ጌታ ሲመሩ አልወጣሁም።

ባልሽ ቀኝ ጌታ